60ኛው ገጽ ላይ ቆመን ቀረን

«ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከአራት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ እየተገናኘን ስላነበብነው እናወራለን። እስካሁን የአማርኛ ልብ ወለድ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ‹ፋንታሲና ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እንሞክር› ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጣጣውም ለእኔው ተረፈ። ዝናውን ሰምቼ ‹ዱን›ን መረጥኩ፤ አምስታችንም 60ኛው ገጽ ላይ ቆመን ቀረን። ‹የቀለበቶቹ ጌታ›ንም ጀምሬ የልደት ድግሱ ሳያልቅ ተውኩት። እንግሊዝኛዬ ጋዜጣና የትምህርት መጽሐፍ ለማንበብ አያንሰኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው የመጽሐፉ? ከዚህ በኋላስ ምን ልምረጥላቸው? አንዷ ፍቅር ከሌለበት አትነካም። አንዱ የምህንድስና ተማሪ ነው። አንዱ መንፈሳዊ ስለሆነ ‹የጥንቆላ መጽሐፍ አላነብም› ብሏል። የቀረው ደግሞ ፊልሙን አይቶ ‹ጌም ኦፍ ትሮንስ› ካልሆነ ይላል። አዋጥተን የምንገዛው አንድ ቅጂ ነው፤ ሌላው ከቴሌግራም የወረደ ፒዲኤፍ ነው።
ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ»

እኅቴ፣ ጥፋቱ የእንግሊዝኛሽ አይደለም። በለመድሽው ልብ ወለድ ውስጥ ዓለሙን ታውቂዋለሽ፤ ደራሲው «ጠጅ ቤት ገባ» ሲልሽ ብርሌውንም ጫጫታውንም የምትጨምሪው ራስሽ ነሽ። በዚህኛው ዘርፍ ግን ከራስሽ የምትጨምሪው የለሽም። ስለዚህ ያልገባሽን ነገር ለጊዜው ተሸክመሽ መሄድ አለብሽ፤ ደራሲው ሸክሙን ኋላ ያወርድልሻል። ይህን ያልለመደ አንባቢ ያልገባው ቃል ላይ ሁሉ ይቆማል፣ መዝገበ ቃላት ያገላብጣል፤ ቃሉ ደራሲው የፈጠረው ስለሆነ እዚያም አያገኘውም። እንዲህ እያለ 60 ገጽ ከሄደ ብዙ ሄደ።

ፍራንክ ኸርበርት በ1965 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመውን ያንኑ «ዱን»ን እንየው። በመጀመሪያው ምዕራፍ አንዲት አሮጊት የ15 ዓመቱን ፖል እጁን ሣጥን ውስጥ እንዲያስገባ ታዘዋለች። ሌላው እጇ ላይ የመርዝ መርፌ አለ፤ አንገቱ ሥር ደግናዋለች። ሣጥኑ ያቃጥለዋል፤ እጁን ካወጣ ይሞታል። በዚህች ትዕይንት ዙሪያ «ቤኔ ጌሰሪት»፣ «ክዊሳትስ ሃደራክ»፣ «ጎም ጃባር» የሚሉ ቃላት ይዘንቡብሻል። ለምዕራፉ የሚያስፈልግሽ የመጨረሻው ብቻ ነው፤ እሱም መርፌው ነው። የመጀመሪያው የሴቶቹ ማኅበር ስም ነው፤ ለጊዜው ይኸው ይበቃል። መካከለኛውን ፖል ራሱ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ አንቺ ከእሱ ቀድመሽ ማወቅ የለብሽም።

ካቆማችሁበት ጥቂት አለፍ ብሎ ደግሞ የበረሃው ሰዎች አለቃ ስቲልጋር ከመስፍኑ ፊት ቀርቦ ጠረጴዛው ላይ ምራቁን ይተፋል። በዙሪያው ያሉት ተቆጥተው ሊነሱ ሲሉ የበረሃውን ሰዎች ልማድ የሚያውቅ አንዱ ያስቆማቸውና ስለ ሰውነቱ እርጥበት ስጦታ ያመሰግነዋል። ጠብታ ውሃ ከወርቅ በሚበልጥበት ፕላኔት ላይ ምራቅን መስጠት ክብር ነው። ሽማግሌ «እንትፍ እንትፍ» እያለ ሲመርቅ ያየ ሰው ይህን ትዕይንት ቶሎ ይይዘዋል። ልብ በይ፣ እዚህ ላይ ማንም ቁጭ ብሎ ስለ ውሃ እጥረት አላስተማረሽም፤ ዓለሙ የገባሽ በአንድ ምራቅ ነው። ለዚህ ቦታ ያልደረሰ አንባቢ «ዱን»ን አልሞከረውም ማለት ይቻላል።

ሲመለሱበት የሚረዳ ዘዴ ይኸውና። ዕልባት የምታደርጊበትን ወረቀት ረዘም አድርጊውና አንድ እንግዳ ቃል ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣብሽ ብቻ ጻፊበት። አንዴ ወይም ሁለቴ መጥቶ የጠፋ ቃል ጌጥ ነው፣ እለፊው። በመጽሐፉ መጨረሻ የቃላት መፍቻ አለ፤ ፒዲኤፋችሁ እሱን መያዙን ተመልከቺ። ከመፍቻው ጋር ያሉትን ሌሎች አባሪዎች ግን ታሪኩን ሳትጨርሺ አትንኪ፤ የሰዎቹን ፍጻሜ ይነግሩሻል። ከዳተኛው ማን እንደሆነ ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ብታውቂ ደግሞ አትደንግጪ፣ ደራሲው ሆን ብሎ ነው የሚነግርሽ። ጭንቀቱ «ማን ነው» ሳይሆን «መቼ ይሆን» ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ «ዱን» የመጀመሪያ መጽሐፍ አይደለም። ሰዓት ይዘሽ 5 ገጽ አንብቢና ደቂቃውን ለ5 አካፍዪ። አንድ ገጽ 4 ደቂቃ ከወሰደብሽ በቀን ግማሽ ሰዓት 7 ወይም 8 ገጽ ያስኬድሻል። 600 ገጽ ገደማ የሆነ መጽሐፍ በዚህ ሒሳብ 80 ቀን ይፈጃል፤ 200 ገጹ በ27 ቀን ያልቃል። አምስት ሰው ደግሞ 80 ቀን ሙሉ እኩል አይጓዝም። አንዱ ቀድሞ ይጨርስና ያወራል፣ ሁለቱ አፍረው መምጣት ይተዋሉ።

ስለዚህ 200 ገጹን ያዢ፤ እሱም የኧርሱላ ለ ጉዊን «የኧርዝሲ ጠንቋይ» ነው፣ የ1968 ሥራ። 10 ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ቋንቋው አጭርና ጥርት ያለ፣ ምድጃ ዳር የሚነገር ተረት ዜማ ያለው ነው። ጌድ የሚባል ፍየል ጠባቂ ልጅ ኃይሉን ያለ ዕድሜው ሊያሳይ ሲል አንድ ጥላ ከጨለማ ይለቅና ጥላው ያሳድደዋል። የዚህ ዓለም ሕግ አንድ ነው፤ የነገሩን እውነተኛ ስም ያወቀ ነገሩን ይገዛዋል። ሰው እውነተኛ ስሙን ደብቆ በመጠሪያ ስም ይኖራል፤ ስሙን ለሌላ መንገር ነፍስን አደራ መስጠት ነው። የፈረንጅ አንባቢ ይህን እንደ አዲስ ፈጠራ ይማረዋል። የክርስትና ስሟን ለማንም እንዳትናገር እናቷ ያስጠነቀቀቻት፣ ክታብ ላይ የሚጻፈው ስም የትኛው እንደሆነ የሰማች አንባቢ ግን ገና ከበሩ ቤተኛ ናት። ሽፋኑ ላይ ነጭ ልጅ ብታዪ አትመኚው፤ ጌድ በመጽሐፉ ውስጥ ቀይ ዳማ ነው፣ የልብ ጓደኛውም ጥቁር ነው። ጥላው የሚለቀቀው 4ኛው ምዕራፍ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት አትፍረዱበት። የመሬት ካርታው የተቆረጠበት ቅጂ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ልጁ ከደሴት ደሴት ሲቀዝፍ ካርታ የሌለው አንባቢ ይጠፋል።

ከዚያ ቀጥሎ «ቢንቲ»ን አስከትዪ። ናይጄሪያዊ አሜሪካዊቷ ንኔዲ ኦኮራፎር በ2015 ያወጣችው፣ መቶ ገጽ የማይሞላ አጭር ሥራ ነው፤ ሁጎና ኔቡላ የተባሉትን የዘርፉን ታላላቅ ሽልማቶች ሁለቱንም ወስዷል። ጀግናዋ ከናሚቢያ የሂምባ ወገን ናት፤ ሌላ ፕላኔት ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሲቀበላት ከቤት ጠፍታ በመንኮራኩር ትሄዳለች፣ ቀይ አፈርና ዘይት ተቀብታ። የሐመር ሴቶችን ጸጉር በቀይ አፈርና በቅቤ ተለቅልቆ ያየ የደቡብ ሰው ጠረኑ ሳይቀር ይመጣበታል። ሕዋ ላይ የሚሆነው ግን ከባድ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ብዙ ሰው ይሞታል፣ ጓደኞችሽን አስጠንቅቂያቸው።

«የቀለበቶቹ ጌታ» ላይ ድግሱ ውስጥ የተውሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ቶልኪን ታሪኩን የሚጀምረው ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በጀመሩበት መንገድ ነው፦ ከሥር ከመሠረቱ። በዛብህ እስኪወለድ ድረስ ማንኩሳ ላይ ከቦጋለ መብራቱ ጋር ታግሠሽ ተቀምጠሻል አይደል? ያንን ትዕግሥት እዚህ አምጪው። መቅድሙን በሙሉ ዝለዪው። 2ኛው ምዕራፍ ቀለበቱ ምን እንደሆነ ይነግርሻል። ከ6ኛው እስከ 8ኛው ምዕራፍ ያለው የጫካው ጉዞ ብዙ ሰው የሚጠፋበት ሰፈር ነው፤ እዚያ ከደከመሽ ቶሎ ቶሎ እያለፍሽ 10ኛው ምዕራፍ ድረሺ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ራሱ ይጎትትሻል። በ1954 እና 1955 በሦስት ቅጽ የወጣው አንድ ልብ ወለድ ስለሆነ የመጀመሪያውን ቅጽ ብቻ ገዝቶ «መጨረሻ የለውም» ማለት አያምርም። የበለጠ ለመፍጠን ከፈለግሽ የ1937ቱን «ሆቢት» ቀድመሽ አንብቢ፤ ለልጆች የተጻፈ፣ 300 ገጽ ገደማ ነው።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ። መጽሐፍ ስትመክሪ «ምርጥ ነው» ከማለት የት ላይ እንደሚያንገራግጭ መንገር ይጠቅማል። እንቅፋቱን ቀድሞ ያወቀ አንባቢ ሲደርስበት «ያለችኝ ይህ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ያልተነገረው መጽሐፉን ይዘጋል።

ለምህንድስናው ልጅ የአንዲ ዊር «ዘ ማርሺያን» ነው፣ ሌላ አትፈልጊ። ሞቷል ተብሎ ማርስ ላይ የተተወ የጠፈር ተጓዥ ድንች ተክሎ፣ ውሃ ከነዳጅ አምርቶ፣ ካሎሪ ቆጥሮ ይኖራል፤ ሒሳቡ ገጹ ላይ ተዘርግቷል። ሁለት ማስጠንቀቂያ ንገሪው። ስድቡ ከመጀመሪያው መስመር ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ታሪኩን የሚያስነሳው ማዕበል በፊዚክስ አይቆምም፤ የማርስ አየር ግፊት ከምድር 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ ያን ያህል የሚገፋ ነፋስ ሊኖር አይችልም። ደራሲውም ይህን አምኗል። ልጁ ራሱ እንዲያገኘው ብትተዪለት ግን ደስታው የእሱ ነው፤ ይህኛውን እንደ ጠባዩ አድርጊው። ሲጨርስ የሊዩ ሲሺንን «ሥሪ ቦዲ ፕሮብለም» ስጪው። የቻይንኛ ስም የቤተሰብ መጠሪያን እንደሚያስቀድም ንገሪው፣ አለበለዚያ የአንዲት ቤተሰብ አባትና ልጅ መሆናቸው እንኳ ሊያመልጠው ይችላል። የእንግሊዝኛው ትርጉም የሚከፈተው በ1967 በባህል አብዮት ወቅት አንድ የፊዚክስ መምህር በአደባባይ ተደብድቦ ሲሞት ነው። ስለ ቀይ ሽብር ሲወራ ሰምቶ ላደገ ሰው ይህ ምዕራፍ ልብ ወለድ አይመስለውም።

የፍቅር ወዳጇ የዳያና ዊን ጆንስን «ሃውልስ ሙቪንግ ካስል» ትያዝ፣ የ1986 መጽሐፍ። ባርኔጣ ሰፊዋ ሶፊ በጠንቋይ እርግማን በአንድ ጀንበር አሮጊት ትሆንና ቤቷን ጥላ ትወጣለች፤ ጨዋታው አሮጊት ከሆነች ወዲያ ማንንም አለመፍራቷ ላይ ነው። ፍቅሩ ተደብቆ ነው የሚሄደው፣ ጠብና ጉርምርምታ መስሎ። እስከ መጨረሻ እንድትጠብቅ ንገሪያት። የ2004ቱን የጃፓን ካርቱን አይታ ከሆነ ታሪኩ ከግማሽ በኋላ ሌላ መንገድ እንደሚይዝም ንገሪያት።

መንፈሳዊው ጓደኛችሁን በሁለት ነገር እንዳታስቀይሚው። ገድልና ድርሳንን ከፋንታሲ ጋር አታነጻጽሪበት፤ ለእሱ አንዱ እምነት ነው፣ ወሬው እዚያው ላይ ይቆማል። ደግሞም ልታታልዪው አትሞክሪ። የሲ. ኤስ. ሉዊስን «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁምሣጥኑ» ስትሰጪው ርዕሱ ላይ ጠንቋይ መኖሯን አስቀድመሽ ንገሪው፤ ጠንቋይዋ ክፉዋ ገጸ ባሕርይ ናት፣ ደራሲውም ስለ ክርስትና እምነት መጻሕፍት የጻፈ ሰው ነው። አንበሳው ማንን እንደሚያስታውስ ራሱ ይነግራችኋል። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ፦ መጽሐፉ «ናርኒያ» ከሚባሉት ተከታታይ መጻሕፍት አንዱ ነው፤ በኋለኞቹ ኅትመቶች ላይ ቁጥር 1 የተጻፈበት በ1955 ስድስተኛ ሆኖ የወጣው መጽሐፍ ነው። እናንተ በ1950 ከወጣው ከአንበሳው ጀምሩ፤ ያ ቁጥር 1 የተባለው አንበሳውን ላወቀ ሰው የተጻፈ ነው። «የኧርዝሲ ጠንቋይ»ን አላነብም ካለ አትጫኑት።

ለ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ባለሟል አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቢለት፦ መጨረሻውን ሳያውቅ መኖር ይችላል? ከታሰቡት 7 መጻሕፍት የወጡት 5 ናቸው፤ 5ኛው የወጣው በ2011 ነው። ከቻለ ያንብብ፤ ከፊልሙ ይበልጣሉ። ካልቻለ የብራንደን ሳንደርሰን የመጀመሪያው የ«ሚስትቦርን» ታሪክ ከ2006 እስከ 2008 በሦስት መጽሐፍ ተጠናቋል። ሰዎቹ የብረት ብናኝ ውጠው በሆዳቸው «ያነዱታል»፤ ቆርቆሮ ዓይንና ጆሮን ያሰላል፣ ብረት ማዕድንን ይስባል፣ አረብ ብረት ይገፋል። ደንቡ እንደ ቼዝ ስለሆነ የምህንድስናው ልጅም መጨረሻ ላይ ይነጥቀዋል። የሳንደርሰን ዓረፍተ ነገር ከለ ጉዊን ጋር ሲተያይ ሜዳ ነው፣ ለእናንተ ግን ሜዳነቱ ይጠቅማችኋል።

ሌላ ሰው «የአሲሞቭን ‹ፋውንዴሽን› ያዙ» ካላችሁ አምስት የተያያዙ ታሪኮች መሆኑን እወቁ። አንድ ገጸ ባሕርይ ወድዳችሁ ስትለምዱት ዘመን ይዘላል፣ እሱም የለም። የአንድን ሰው ሕይወት የሚፈልግ አንባቢ እዚህ ይከፋል። የቴሪ ፕራቼትን 41 የዲስክወርልድ መጻሕፍት ለጊዜው ተዉአቸው፤ ቀልዱ የቃል ጨዋታ ስለሆነ በሁለተኛ ቋንቋ ግማሹ ያመልጣል።

ስለ ቅጂው። አንዱን መጽሐፍ ለአንድ ሰው አንድ ሳምንት ከሰጣችሁ አምስተኛው ሰው እጅ ሲገባ የመጀመሪያው ታሪኩን ረስቶታል። ስለዚህ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ በስልካችሁ የምታገኙትን አስቀድሙ። የኤች. ጂ. ዌልስ፣ የጁልስ ቨርንና የሜሪ ሼሊ የታወቁት የጥንት ሥራዎች ባለመብት ስለሌላቸው ፕሮጀክት ጉተንበርግ በተባለው የነፃ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ሙሉአቸውን በነፃ ይወርዳሉ። የዌልስን «ታይም ማሽን» ያዙ፣ የ1895፣ መቶ ገጽ ገደማ። መጀመሪያው ከእራት በኋላ የሚደረግ ክርክር ስለሆነ ያዛጋል፤ መኪናው ተነሥቶ 802,701 ዓመተ ምሕረት ላይ እስኪያርፍ ታገሡ። ከቨርን «20 ሺህ ሊግ ከባሕር በታች»ን ስታወርዱ የተርጓሚውን ስም እዩ፤ የጥንቱ የመርሲየር ትርጉም ሩብ ያህሉን ቆርጦ ጥሏል፣ የኤፍ. ፒ. ዋልተር ግን ሙሉ ነው።

ፒዲኤፍ ሳይሆን ኢፐብ አውርዱ። ፒዲኤፍ ገጹን እንደታተመ ስለሚያሳይ በትንሽ ስክሪን ላይ ግራና ቀኝ እየጎተትሽ ነው የምታነቢው። ኢፐብ ፊደሉ ሲተልቅ መስመሩ ራሱን ያስተካክላል፤ ጎግል ፕሌይ ቡክስ ላይ ብትጭኚው ቃሉን ጫን አድርገሽ ስትይዢው ትርጉሙ ይመጣል። ከቴሌግራም የመጣ ፋይል ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ቦታ ክፈቱ፦ ማውጫውን፣ መሐሉንና የመጨረሻውን ገጽ። ምዕራፍ የጎደለው፣ ከተከታታዩ 2ኛው ሆኖ 1ኛ ተብሎ የተሰየመው የሚያዘው እዚህ ላይ ነው።

ለመጪው ቅዳሜ ግን ማንም ምንም አንብቦ አይምጣ። «ዱን» ካሳፈራቸው በኋላ ሌላ የቤት ሥራ አትስጪያቸው። የለ ጉዊንን «ኦሜላስን ትተው የሚሄዱት» የተባለች የ1973 አጭር ታሪክ አንድ ቅጂ ይዘሽ ሂጂና ተራ በተራ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ከ25 ደቂቃ አይበልጥም። አንዲት ደስተኛ ከተማ፣ በዓል፣ ፈረስ፣ ሙዚቃ ነው። መሐል ላይ ተራኪዋ ቆም ብላ ታምኑኛላችሁ ወይ ብላ ትጠይቃለች፤ ካላመናችሁ አንድ ነገር ልጨምር ትላለች። ልክ እዚያ ላይ ወረቀቱን አጥፊውና እያንዳንዱ ይመልስ፦ ይህች ከተማ ልትኖር ትችላለች? ሁሉም ከመለሰ በኋላ ብቻ ቀጥሉ፤ የሚቀጥለው ምድር ቤት ውስጥ ስለተዘጋበት ልጅ ነው። ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሩ፣ ክርክሩ ከንባቡ ይረዝማል፤ ጦጣዎቹ ካሉበት ጥግ ደግሞ ራቁ፣ ቅጂው አንድ ነው።